ያያችሁትን ስህተት ለቡድኑ በምን ትነግሩታላችሁ? ሪፖርት፣ ቪዲዮ፣ የሪስክ ሠንጠረዥ ወይስ ወንበር ስቦ ማውራት

የመጀመሪያው ትልቅ ሪፖርቴ 62 ገጽ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማውጫ አለው፣ ባለ ቀለም ግራፍ አለው፣ አባሪ አለው። ዓርብ ከሰዓት ለሃያ ምናምን ሰው በኢሜይል ላክሁና ቅዳሜና እሁድን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስብሰባ ላይ የፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ኢንጂነሩ «የነጥቧ ቁልፍ ችግር እንዳለባት ማንም አልነገረንም እኮ» አለ። ገጽ 41 ላይ ነበረች።

ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። አልነገርኩትም። ፋይል ነው የላክሁለት።

ሥራዬ ሂውማን ፋክተርስ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሬ፣ ነርሶችና ታካሚዎች ገና ገበያ ያልወጣ መሣሪያ ሲነካኩ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የት ላይ ግራ ተጋቡ፣ የት ላይ ተሳሳቱ፣ ለምን ተሳሳቱ። እናቴ ይህን ስነግራት «ለዚህም ደሞዝ ይከፍሉሃል?» ብላ ሳቀች። ይከፍላሉ። ግን ማየቱ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያየሁትን ላላየው ሰው ማድረስ ነው። ያላየው ሰው ደግሞ ብዙ ነው፦ ሶፍትዌር፣ ሜካኒካል፣ ኳሊቲ (ጥራት)፣ ሬጉላቶሪ (ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ጋር የሚነጋገረው)፣ ማርኬቲንግ። ሁሉም የየራሱ ቋንቋ አለው፣ ሁሉም ሥራ በዝቶበታል።

ማድረሻ መንገዶቹን እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ ወድቄያለሁ።

ለማወዳደር አንድ ግኝት እንያዝ

መሣሪያው ኢንፊዩዥን ፓምፕ ነው። ከታካሚው አልጋ አጠገብ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ፈሳሽ መድኃኒትን በሰዓት ይህን ያህል ሚሊ ሊትር እያለ በደም ሥር የሚሰጠው። ነርሷ በሰዓት 1.2 ልታስገባ ነው። ጓንት አድርጋለች። 1ን ነካች፣ ነጥቧን ነካች፣ 2ን ነካች። ነጥቧ አልያዘችም። ስክሪኑ 12 ይላል። እሷ ግን ዓይኗ ከረጢቱ ላይ ነው፤ የታካሚውን ስም ከእጁ አምባር ጋር እያመሳከረች ነው። ተመለሰች፣ «ጀምር»ን ተጫነች። ዐሥር እጥፍ።

ከ8 ነርሶች ሁለቱ ላይ ደረሰ። አንዷ የማረጋገጫው ስክሪን ላይ አይታ «ውይ!» ብላ አስተካከለች። ሌላዋ አላየችውም።

ፓምፕን የመረጥኩት የማውቀው እሱን ስለሆነ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ከእነዚህ ፓምፖች ጋር የተያያዙ 56,000 ገደማ የችግር ሪፖርቶች ደርሰውታል። በእነዚያው ዓመታት 87 የፓምፕ ሪኮሎች (ችግር ያለበትን ዕቃ ከገበያ መሰብሰብ ወይም ማስተካከል) ነበሩ። በ2010 ለፓምፕ ብቻ የተለየ ዘመቻ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ከችግሮቹ መካከል የሶፍትዌር አለ፣ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል አለ፣ ስክሪኑና ቁልፉ ሰውን ግራ ማጋባታቸውም አለ። የኔ ነጥብ ከሦስተኛው ወገን ናት።

መጀመሪያ፦ ውሳኔው ማን እጅ ነው?

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እኔ ለዓመታት የምጠይቀው «ግኝቱን እንዴት አድርጌ ላሳምር?» የሚለውን ነበር። የተሳሳተ ጥያቄ ነው።

ነጥቧን ተመልከቱ። ቁልፉ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ከሆነ የሶፍትዌር ሰው ነው የሚያሰፋው። የስክሪኑ መነካት ከጓንት ጋር ካልተስማማ የሃርድዌር ነው። ማረጋገጫው ስክሪን ቁጥሩን በትልቁ ያሳይ ወይ የሚለውን የምርቱ ኃላፊ ይወስናል። «ይህ ስህተት ሰው ይጎዳል ወይስ ያናድዳል ብቻ?» የሚለው ደግሞ አደጋን ከሚመዝነው የሪስክ ቡድን ጋር ካልተስማማን አያልቅም። አንድ ነጥብ፣ አራት ባለቤት። ለአራቱም አንድ ዓይነት ፋይል መላክ ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ልብስ እንደመልበስ ነው።

ሪፖርት፦ ግዴታ ነው፣ ግን አያሳምንም

ሪፖርት አትጻፉ አልልም። አይቻልምም። አይኢሲ 62366-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሥራው ሁሉ በፋይል ተሰንዶ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ኤፍዲኤም በ2016 ባወጣው መመሪያ ሪፖርቱ ምን ምን ክፍል ቢኖረው ጥሩ እንደሆነ ዘርዝሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ መርማሪ መጥቶ «ይህን ቁልፍ ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?» ሲል የሚመልስለት ሪፖርቱ ነው። ያኔ እናንተም ሥራ ቀይራችሁ ይሆናል። ቪዲዮውም ጠፍቶ ይሆናል።

ስለዚህ ሪፖርት ማስታወሻ ነው። ለወደፊት ሰው የሚጻፍ ነው። አጠገባችሁ ላለው ሰው ግን ደካማ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ከዚያው ከኤፍዲኤ መመሪያ ተማርኩ። የሪፖርቱ የመጀመሪያ ክፍል ድምዳሜ ነው። ሥራዬ ብሎ ሊያነብ የተቀመጠ ገምጋሚ እንኳ ድምዳሜው ቀድሞ ይምጣለት ከተባለ፣ በሁለት ስብሰባ መካከል ስልኩ ላይ የሚከፍተው ኢንጂነርማ እንዴት ገጽ 41 ይደርሳል?

ቪዲዮና አብሮ ማየት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ትልቁ ጉልበት ያለው እዚህ ነው፣ ትልቁም አደጋ።

62 ገጽ ያላሳመነውን ሰው የ20 ሰከንድ ክሊፕ ያሳምነዋል። «ማን ነው 12 እና 1.2ን የማይለይ?» ሲል የነበረ ሰው ነርሷ ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን አንስታ፣ እርግጠኛ ሆና «ጀምር» ስትል ሲያይ ዝም ይላል። እርግጠኝነቷ ነው ዝም የሚያሰኘው። ግራ አልተጋባችም። ሥራዋን በትክክል የሠራች ነው የመሰላት። ይህን በጽሑፍ ማምጣት አልቻልኩም። ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ከክሊፕ የሚበልጠው ደግሞ ኢንጂነሩን ራሱን ከሙከራ ክፍሉ መስታወት ጀርባ፣ እሱ እያየ እነሱ ከማያዩት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ለምን እንደሚበልጥ የሚያሳይ አሮጌ ታሪክ አለ። ቴራክ-25 የሚባል የጨረር ሕክምና ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 6 ታካሚዎችን ከመጠን ባለፈ ጨረር መትቷል። ከስድስቱ ሁለቱ አደጋዎች በ1986 ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በምትባል ከተማ የደረሱ ናቸው። ማሽኑ «ማልፋንክሽን 54» ብሎ ቆመ፤ ምን ማለት እንደሆነ ለኦፕሬተሯ የሚነግራት አልነበረም። የአምራቹ ሰዎች ችግሩን ራሳቸው ሊያመጡት ሞክረው አልመጣላቸውም። የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ኦፕሬተሯ ግን አብረው ቁጭ ብለው ደጋግመው ሞከሩት፣ አገኙትም። ምስጢሩ ፍጥነቷ ነበር። ሥራውን የለመደች ናት። አንድ ፊደል ተሳስታ ታስገባለች፣ ወደ ላይ ትመለሳለች፣ ታርማለች፣ በጥቂት ሰከንድ ትጨርሳለች። ሶፍትዌሩ ለዚህ ፍጥነት አልተዘጋጀም። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ስህተቱን ዕድሜውን ሙሉ አያገኘውም።

የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተነካ ጽፋችሁ መላክ ትችላላችሁ። ፍጥነቱን ግን ጽሑፉ አያደርሰውም። የጓንቱን ውፍረት፣ የአላርሙን ጩኸት፣ በሩን ከፍቶ «እህቴ፣ አንዴ ነይማ» የሚላትን የሌላ ክፍል ታካሚም አያደርሰውም።

አሁን ወደ አደጋው። የመጀመሪያው ሳቅ ነው። አንድ ጊዜ ሰባት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ክሊፕ አሳየሁ፤ አንድ አዛውንት መርፌያቸውን ገልብጠው ሲይዙ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግኝቱ «ሽማግሌው» የሚል ስም ወጣለትና ሞተ። ከዚያ ወዲህ ክሊፕ ከመክፈቴ በፊት «የምታዩት ሰው 30 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ነው» ወይም «ይህን መርፌ በየሳምንቱ የሚወጉ ሰው ናቸው» እላለሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ሳቁ አይመጣም።

ሁለተኛው፣ ክሊፕ ያደላል። አንዴ የሆነ፣ ማንንም የማይጎዳ ነገር በቪዲዮ ሲታይ ከባድ ይመስላል። ከባዱ ነገር ደግሞ አንዳንዴ ለካሜራ አይመችም፤ ሰውየው ዝም ብሎ ስክሪኑን እያየ የተሳሳተ ነገር ያምናል፣ አለቀ። ሦስተኛ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያስቀመጣችሁት ኢንጂነር የመጀመሪያዋን ነርስ ብቻ አይቶ ምሳ ሰዓት ላይ ኮዱን ሊቀይር ይነሳል። ደርሶብኛል። ስለዚህ ሕጌ «ከሦስት ሰው በታች አይታችሁ አትነሱ» ነው። የተሳታፊውን ፈቃድ ጉዳይ ሳልናገር አልለፍ። ለውስጥ ሥራ ብሎ የፈረመ ሰው ፊቱ በድርጅቱ የዓመት በዓል ስላይድ ላይ እንዲወጣ አልፈረመም።

የሪስክ ሠንጠረዥ፦ አሰልቺው፣ ግን ጥርስ ያለው

ማንም አይወደውም። እኔም አልወደውም ነበር። ኤክሴል ላይ የተደረደረ፣ ዓይን የሚያፈዝ ነገር ነው። ግን በሕክምና መሣሪያ ዓለም ውስጥ አንድ ነገር «ይስተካከል» የሚባልበት ሥልጣን ያለው ቦታ ይህ ነው። ነጥቧ በቪዲዮ ታይታ ሰው ሁሉ ቢያዝንላት፣ ሠንጠረዡ ውስጥ መስመር ከሌላት ምርቱ የሚወጣበት ቀን ሲጠጋ የምትጣለው የመጀመሪያዋ ዕቃ እሷ ናት።

መስመሯ እንዲህ ትሆናለች። ተግባሩ፦ የፍሰት መጠን ማስገባት። የአጠቃቀም ስህተቱ፦ ነጥቧ ሳትመዘገብ ቁጥሩ ይገባል። ተከትሎ የሚመጣው አደጋ፦ መድኃኒቱ በዐሥር እጥፍ ፍጥነት ይሰጣል። ጉዳቱ፦ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት እስከ ሞት።

ልብ በሉ፣ «የአጠቃቀም ስህተት» ነው ያልኩት። «የተጠቃሚ ስህተት» አላልኩም። ስታንዳርዱም በእንግሊዝኛው ይህንኑ ለይቶ ነው የሚጽፈው። ስታወሩት ኢምንት ልዩነት ይመስላል። ሠንጠረዥ ውስጥ ግን «የተጠቃሚ ስህተት» ብላችሁ ከጻፋችሁ መፍትሔው አብሮ ተጽፏል ማለት ነው፦ ተጠቃሚውን አሠልጥኑት። «የአጠቃቀም ስህተት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሰውም መሣሪያም ክፍሉም አብረው ይጠየቃሉ።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ቀጥሎ ነው። የሪስክ ኢንጂነሩ «በስንት ጊዜ አንዴ ይከሰታል?» ይላል። ሥራው ነው። የለመደው ቀመር የጉዳቱን ክብደት በመከሰቱ ድግግሞሽ፣ አንዳንዴም ቀድሞ በመታወቁ ዕድል ያባዛል። እናንተ ደግሞ ያላችሁ 8 ነርስ ነው። እዚህ ላይ «25 በመቶ» ብላችሁ እንዳትመልሱ! ከ8 ሰው የወጣ መቶኛ ሕይወታችሁን ያበላሸዋል። በሚቀጥለው ዙር ከ15 አንድ ሰው ብቻ ሲሳሳት «አያችሁ፣ ወደ 7 በመቶ ወረደ፣ ተሻሻለ» ይሏችኋል። ምንም አልተሻሻለም። ዕድል ነው።

ኤፍዲኤ ለመጨረሻው ማረጋገጫ ሙከራ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ሰው ይላል። 15 ሰው ችግሩን እንድታዩት ነው እንጂ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እንድትቆጥሩት አይደለም። ያው መመሪያ የሰው ስህተት የመከሰት ዕድል ለመገመት በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወሳኝ ተግባራትን ስትለዩ ዓይናችሁ የጉዳቱ ክብደት ላይ ይሁን ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ከሪስክ ሰው ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት አጠገባችሁ አድርጉት። ለኔ ስንት ሰዓት እንዳተረፈልኝ።

«የሠለጠነ ነርስ ይህን አይሳሳትም» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ለእሱ የምነግረው እውነተኛ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ነው። የካንሰር መድኃኒት በትንሽ ፓምፕ ለ4 ቀን ቀስ እያለ ሊሰጥ ታዘዘ። ለ24 ሰዓት 28.8 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ የሚጠይቀው የሰዓቱን ነው። 28.8 ገባለት። የ4 ቀኑ መድኃኒት በ4 ሰዓት አለቀ። ታካሚዋ ሞተች። ሁለት ነርሶች ነበሩ፣ ሁለተኛዋም አረጋግጣለች። ልምድ ያላቸው ነበሩ። ይህን ስጨርስ ብዙውን ጊዜ ስለ ሥልጠና የሚያወራ አይኖርም።

ሠንጠረዡ ሌላም ጥቅም አለው፤ መፍትሔን ያስደረድራል። አይኤስኦ 14971 የሚባለው የሪስክ ስታንዳርድ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዲዛይኑን ራሱን አደጋ የማያመጣ አድርገው። ካልሆነ መከላከያ ጨምር። ማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥልጠና መጨረሻ ላይ ናቸው። ስብሰባ ላይ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው «ስቲከር እንለጥፍበት» ነው፤ ርካሽ ነዋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ስቲከርም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የደከመች ነርስን አያስጥልም።

ቲኬት

የሶፍትዌር ቡድን የሚኖረው ጂራ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ «ቲኬት» ተብሎ የሚመዘገብበትና ሲያልቅ የሚዘጋበት ፕሮግራም ነው። ቲኬት ያልሆነ ነገር ለእነሱ የለም። ስለዚህ ግኝታችሁ ኮድ የሚነካ ከሆነ ቲኬት ይሁን።

ጉዳቱ፣ ቲኬት ይዘጋል። «እንደ ተነደፈው ይሠራል» ብሎ የሚዘጋላችሁ ሰው አለ፤ ውሸትም አይደለም። ችግሩ ንድፉ ነው። መከላከያው አጻጻፉ ላይ ነው። «ቁልፉን አሳድጉት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያ ትእዛዝ ነው፣ ከትእዛዝ ጋር ይከራከራሉ። «በጓንት ሲነካ ነጥቧ አልተመዘገበችም፣ ከ8 ሰው 2ቱ ላይ፣ ውጤቱ ዐሥር እጥፍ ፍጥነት» ብላችሁ ያያችሁትን ጻፉ። የሪስክ መስመሩን ቁጥር አያይዙ። ቁጥር የተያያዘበትን ቲኬት በዋዛ የሚዘጋ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወንበር ስቦ ማውራት፣ እና ይሉኝታ

ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ገና በንድፍ ደረጃ፣ ወረቀት ላይ ሥዕል እያለ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሄዳችሁ «እዚህ ጋ ሰው ይሳሳታል ብዬ እፈራለሁ» ማለት ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ። ሰውየው ገና ሥራውን አልወደደውም፤ በኋላ ሲወደው ይከብዳል።

ለኔ ቢጤ ሐበሻ ግን ወጥመድ አለው። ይሉኝታ። ወሩን ሙሉ የደከመበትን ስክሪን ፊት ለፊት «ሰው ይገድላል» ማለት አፌ ላይ አይመጣም። ስለዚህ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ምናልባት ትንሽ ነገር ቢታይ…» እላለሁ። አሜሪካዊው ባልደረባዬ የሰማው «በጣም ቆንጆ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ ጋ ሰምና ወርቅ የለም። ወርቁን ፈልቅቆ እንዲያወጣ መጠበቅ በእሱ መፍረድ ነው።

መፍትሔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ከመሄዴ በፊት የምናገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጉዳቱ ያለበትን። እዚያ ስደርስ ሌላው ጨዋታ እንዳለ ሆኖ ያችን ዐረፍተ ነገር ሳልሸራርፍ እላታለሁ። ከተመለስኩ በኋላም በሁለት መስመር ኢሜይል እደግማታለሁ። ወሬ መዝገብ የለውም። ከስድስት ወር በኋላ «ነግሬህ ነበር» ማለት ጓደኛ ያሳጣል እንጂ መሣሪያ አያስተካክልም።

ጊዜው ምርጫውን ይቀይረዋል

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የሕክምና መሣሪያ ላይ ድስቱ የሚጣደው የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ ብረት ሲቆረጥ ነው። ከዚያ በኋላ የቁልፍን ቦታ በሚሊ ሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ገንዘብና ወራት ነው። ስክሪን ላይ ያለ ነገር ትንሽ ቆይቶም ይቀየራል። ግን እሱም የሶፍትዌር ማረጋገጫው ካለቀ ወዲያ ሁሉም ይደገም ማለት ስለሆነ ፊት ይጠቁርባችኋል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት አውሩ፣ ሥዕል ላይ ሳሉ፣ ሰው እየጠራችሁ አሳዩ። ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ቢሆን ማንም አይጠይቃችሁም። መሃል ላይ፣ የሚሠራ ናሙና ሲኖር፣ ክሊፕና ቲኬት። ማረጋገጫ ሙከራው ሲቀርብ ሠንጠረዡ ይቅደም፤ እዚያ ደርሶ አዲስ ነገር በቪዲዮ ብቻ ይዞ መምጣት ሰውን ማስደንገጥ ነው። ከማረጋገጫው በኋላ ሪፖርቱ ንጉሥ ነው።

ማረጋገጫውን ካነሳሁ አይቀር፣ ኤፍዲኤ ተሳታፊዎቹ አሜሪካ የሚኖሩ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ለአሜሪካ ገበያ ትክክል ነው። ግን ያው ፓምፕ አንድ ቀን በእርዳታ ኮንቴይነር አገር ቤት ይገባል። እዚያ የምትነካው ነርስ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረችም። ሪፖርቱ ውስጥ «የታሰበው ተጠቃሚ» የሚለውን ክፍል ስጽፍ እሷን አስባለሁ። መጻፍ ግን አልችልም።

እንግዲህ የትኛውን?

ሰውየው ችግሩ መኖሩን ካላመነ፦ ክሊፕ፣ ከተቻለ ራሱ ይይ። ችግሩን አምኖ «ግን ከባድ አይደለም» ካለ ክሊፕ አይረዳችሁም፣ ሠንጠረዡን ክፈቱ። ከባድ ነው ብሎ ግን ጊዜ የለኝም የሚለው ኢንጂነር ችግሩ እናንተ አይደላችሁም፤ የሥራ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣለት ሰው ጋ ሂዱ፣ ቲኬቱን ይዛችሁ። ማርኬቲንግ «ደንበኛ ቀጭን ቁልፍ ይወዳል» ካለ ከስብሰባ ይልቅ ሻይ ላይ ያዙት፤ ሰው ፊት ያለውን ሰው ፊት አይመልስም። ሬጉላቶሪ ሪፖርት ነው የሚፈልገው። ሪፖርቱን ስጡትና ሂዱ።

አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ፣ ጊዜ ካጠረ፣ እኔ የማደርገው ክሊፕ ለአንድ ሰው ነው። ለሃያ ሰው አይደለም። ውሳኔው እጁ ላለው ለአንዱ።

የነጥቧ ነገር እንዲያ ነው ያለቀው። ከዚያ ስብሰባ ማግስት የ19 ሰከንድ ክሊፕ ቆርጬ፣ ወንበር ስቤ የፈርምዌሩ ኢንጂነር ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከላብራቶሪው አንድ ካርቶን ጓንት ይዤ ነበር። ክሊፑን ሁለቴ አየው። ምንም አላለም። ጓንት አወጣ፣ አጠለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናሙና ፓምፕ አበራና 1.2 እያለ ማስገባት ጀመረ። አምስት፣ ስድስት ጊዜ ደህና ሄደ። ቀና ብሎ አየኝ። ሰባተኛው ላይ እያየኝ ነካው፤ 12።

ጓንቱን አውልቆ ቲኬቱን ራሱ ከፈተው።